አምስተኛው መልክ

የሟቹ ግንባር ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ ቀኝ እጁ ግን እስክሪብቶውን አልለቀቀም። ከወንበሩ ሥር አምስት ኪሎ የሚመዝን የሚዛን ብረት ወድቋል፤ አንዱ ጠርዙ ላይ ደምና ፀጉር ተጣብቆበታል። ኢንስፔክተር ምሳው በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን በዓይኑ ጥግ በጥግ ለቀመው። ቸኩሎ የገባ መርማሪ መጀመሪያ የሚረግጠው ማስረጃውን ነው ብሎ ያምናል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የፖሊስ ሥራው ይህ እምነት አሳፍሮት አያውቅም።

ሟቹ ዓለምብርሃን ይባላል። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ የሥነ ልቦና መምህር ነው። ከሦስት ወር በፊት ወደ ትውልድ አካባቢው ተመልሶ ሰቆጣ ውስጥ የሀጂ ሚፍታሕን አሮጌ የእህል መጋዘን ተከራየና «የልብ መልኮች» የሚል ኤግዚቢሽን ያዘጋጅ ጀመር። በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚወረሱ አምስት መልኮች አሉ ይል ነበር፤ እናት፣ ጀግና፣ ጠቢብ፣ አታላይ፣ በመጨረሻም ሰው ከራሱ እንኳ የሚደብቀው ጥላ። ሰዎችን አንድ በአንድ በዝግ ክፍል ያስቀምጥና ማሲንቆ ያስደምጣቸዋል። ዜማው ሆዳቸውን ሲያባባው የሚናገሩትን ይቀዳል፤ ከዚያ ንግግሩንም ዜማውንም ለኮምፒውተር ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ ይስላል። ምረቃው ለእሑድ ተቀጥሮ ነበር። ዛሬ ዓርብ ነው።

«ማን አገኘው?» አለ ምሳው።

«እኔ ነኝ።» መጋዘኑን የምትጠርገው ምስራቅ ነበረች፤ የማሲንቆ ተጫዋቹ የደግሰው ሚስት። «ዐሥር ሰዓት ሲሆን ልጠርግ ገባሁ። የተኛ መስሎኝ ቀስ ብዬ ከእግሩ ሥር ጀመርኩ። መጥረጊያዬ ደም ሲነካ ነው ያወቅሁት።»

አምስት ባለመስታወት ክፈፎች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። በመጀመሪያው አንዲት ሴት ድንጋይ የሞላበት የሕፃን አልጋ ታወዛውዛለች፤ ከሥሩ «እናት» ይላል። የሴትዮዋ ፊት፣ ሰቆጣ ውስጥ ማንም እንደሚያውቀው፣ የባለ ሱቋ የፋኢዛ ፊት ነው። መውለድ እንዳልቻለች ደግሞ ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጀግናው፣ ጠቢቡ፣ አታላዩ በየቦታቸው አሉ። አምስተኛው ክፈፍ ባዶ ነው፤ መስታወቱ ተነሥቶ ሥዕሉ ወጥቷል።

ምሳው ከሟቹ እጅ ሥር ማስታወሻ ደብተሩን ሳብ አደረገ። የእሑድ መርሐ ግብር ነው። አምስቱ መልኮች በተራ ተጽፈዋል፤ ከጥላ ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «መዝጊያ፦ የምስራቅ ድምፅ (አታውቅም)።»

«ምስራቅ፣ ዘፈን ትችያለሽ እንዴ?»

«እኔ? ለቅሶ ቤት ካልሆነ ድምፄን አውጥቼ አላውቅም ጌታዬ።»

ከተማው ገዳዩን ከፖሊስ ቀድሞ አግኝቷል። የፋኢዛ ታናሽ ወንድም ዘከሪያ በዚያው ቀን ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ «የእህቴን ሥዕል አውርደው፤ ካላወረድከው አንተን አወርድሃለሁ» ብሎ ሲጮህ ግማሽ ገበያ ሰምቶታል። የሚዛኑ ብረት የሱቃቸው ነው ተባለ። በዚያ ላይ በግድያው ሰዓት የት እንደነበረ የሚመሰክርለት ሰው የለም። ምሳው ከመድረሱ በፊት ጎረምሶች ጥርሱን አርግፈው ለፖሊስ አስረክበውታል።

«ስግደት ላይ ነበርኩ» አለ ዘከሪያ በተፈነከተ አፉ።

«መስጊድ አልታየህም።»

«ከሱቁ ጓዳ ብቻዬን ነው የሰገድኩት። የእህቴን ነገር አንሥተው ሲሳሳቁ እንዴት ብዬ መሃላቸው ልቁም?»

«ገድለኸዋል?»

«ፈልጌ ነበር» አለ ልጁ። «ቀደሙኝ።»

ምሳው ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። ፊት ለፊት ሰፊው አዳራሽ አለ፤ ከአዳራሹ ጎን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ የሙዚቃ ክፍል፤ ከጓሮው ማዶ የሟቹ ቢሮ። የሙዚቃው ክፍል ወደ ጓሮ የሚከፈት በር አለው። ምሳው ከዚያ በር እስከ ቢሮው በእርምጃ ለካ። ዐሥራ ሁለት ሆነ። በመካከሉ የሀጂው አሮጌ ሚዛን ዝጎ ቆሟል፤ ክብደቶቹ እንደተደረደሩ ናቸው፣ የአምስት ኪሎው ሲቀር።

አዳራሹ ውስጥ ሰላማዊት ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። ከባሕር ዳር የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት።

«ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ፖስተሩ ላይ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ስማ ብዬ ነው።»

«ትጠዪው ነበር?»

«ሰው ሲያለቅስ ሰዓት ይይዝ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ልውደደው?»

«መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ። እዚህ መጥቶ ልምምዱን ጀምሩ ብሎኝ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ከዘጠኝ ተኩል እስከ ዐሥር ጋሽ ደግሰው ተጫወተ፤ እኔ የክፈፎቹን መስቀያ ሚስማር ስመታ ነበር። ድምፁ ከማሲንቆው በሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፣ ደጅ ባለው ድምፅ ማጉያም ይሰማል። ኮምፒውተሩ ዜማውን፣ ፍጥነቱን፣ ዝምታውን ሳይቀር ቆጥሮ በየአምስት ደቂቃው አንድ ሥዕል ያወጣል።»

«እና ሳያቋርጥ ተጫወተ?»

«አንዴም አላቋረጠም። እንዲያውም ዛሬ ነው ያስደሰተኝ። ሌላ ቀን መሃል ላይ ዝም ይልብኛል፤ ሥዕሉ ግማሹ ነጭ ሆኖ ይቀራል።»

«ለምን ዝም ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ የጥበብ ሰው አይደል።»

«አምስተኛው ሥዕል ምን ነበር?»

«አላየሁትም። ብቻውን ነው የሠራው። ለእሑድ ድንገተኛ ስጦታ አለኝ ይል ነበር።»

ደግሰው በሙዚቃው ክፍል ከእንጨት በተሠራ ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ማሲንቆው ጉልበቱ ላይ ነው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው ነው። ምሳው በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ሰላም አለው፤ ሰውየው በኽምጥኛ መለሰለትና ወዲያው ወደ አማርኛ ተሻገረ።

«አያ ደግሰው፣ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ማሲንቆዬን ሰቆጣ በሙሉ ሰምቶታል።»

«ሰምቷል።» ምሳው ዱካው አጠገብ የተቀመጠውን ስልክ አየ፤ ቀጭን ሽቦ ተሰክቶበታል። «ሙዚቃ ያዳምጣሉ?»

«የራሴን ነው። ሐሙስ የተጫወትኩትን እሱ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ስህተትህን ስማ ብሎ።»

«ጥሩ ሰው ነበር?»

ደግሰው የማሲንቆውን ጭራ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ጥያቄ ያውቅ ነበር። እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። አውጥተህ ስትጨርስ ምን እንዳወጣህ የምታውቀው ኋላ ነው።» ከዚያ «ዘከሪያን ምን ያደርጉታል?» አለ።

«ያውቁታል?»

«ከአበርገሌ ተፈናቅለን የመጣን ጊዜ አባቱ ሀጂ ሚፍታሕ ይኼን መጋዘን ለቀቁልን። ሰባት ወር ጆንያ ላይ ተኝተናል። ዘከሪያ ያኔ ተማሪ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ያመጣልን ነበር።»

«የሟቹ ቤተሰቦች ከሰሃላ እየመጡ ነው» አለ ምሳው። «የሚያደርጉትን እነሱ ያውቃሉ።»

ደግሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ፋኢዛ ሱቋን ዘግታ በጓሮ በር አስገባችው። ዓይኗ አብጧል፤ አንገቷ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ስለ ሥዕሉ ልትጠይቀኝ ከሆነ፣ ያልኩትን ብያለሁ» አለች። «ማሲንቆው ሲሰማኝ አፌ ተፈታ። ልጅ ቢኖረኝ የማወጣለትን ስም ሳይቀር ነገርኩት። እሱ ደግሞ ድንጋይ አሳቀፈኝ።»

«ወንድምሽ ከቤት ሲወጣ አየሽው?»

«ከጓዳ አልወጣም። ግን የእህት ምስክርነት ማን ይሰማል። ሰዉ ሁሉ ዞረብን፣ ኢንስፔክተር። አያ ደግሰው እንኳ ዞረብን።»

«እሱ ምን አደረገ?»

«ምን ያላደረገው አለ! አባቴ መጋዘኑን ሲሰጠው ምንም አልጠየቀውም። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አዛን ሲባል ማሲንቆውን ዝቅ ያደርጋል። በሠርግ መሃል ቢሆን፣ ሙሽራ እየተሸኘች ቢሆን፣ አዛኑ እስኪያልቅ ድምፁ አይሰማም። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጓደለም። አባቴ እንኳ ‹ተው፣ ሥራህን ሥራ› ቢለው ‹እጄ እንቢ አለኝ› ነው ያለው። ዛሬ ግን ከሰዓት በኋላ የዐስር አዛን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲባል ማሲንቆው ከላዩ ላይ ይጮህ ነበር። እንግዲህ ከእኛ ጋር የነበረው ነገር አለቀ ማለት ነው አልኩ።»

ምሳው ቆቡን አውልቆ በእጁ አዞረው።

«ከሙዚቃው ክፍል አዛኑ ይሰማል?»

«መስኮቱ ከመስጊዱ ሚናራ ፊት ለፊት ነው። እንዴት አይሰማ?»

ምሳው አመስግኗት ወጣ። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሰላማዊትን ሁለት ነገር ጠየቃት። አንደኛው፣ የሐሙስና የዓርብ ሥዕሎች ሁሉ እንዲታተሙ። ሁለተኛው፣ አንድ ሥዕል ከክፈፉ ቢወጣ ለዘለቄታው ይጠፋ እንደሆነ።

«ወረቀቱ ነው እንጂ የሚጠፋው፣ ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ» አለች። «የይለፍ ቃሉን እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ከፍቼ ልይልህ?»

«ክፈችልኝ። አታይው ግን።»

ብቻውን አየው። ከሥዕሉ ጋር የተያያዘውን የደግሰውን ንግግርም በጆሮ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ አንዲቱን ወረቀት አትሞ በጋዜጣ ጠቀለላት።

ቅዳሜ ጠዋት ዓለምብርሃን ተቀበረ። ከመቃብሩ መልስ የሟቹ ታላቅ ወንድም ገብረ ኪዳን ስድስት ሰው አስከትሎ ምሳው ፊት ቆመ።

«ገዳዩን አስረሃል አሉ» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «ብታቆየው ሕግ ነው፣ እንጠብቃለን። ብትለቀው መንገዱ በእኛ በኩል ነው። እሱ ቢያመልጥ ሱቁም እህቱም ቦታቸውን አይለቁም።»

«ስምንት ሰዓት ላይ መጋዘኑ ና» አለው ምሳው። «መሣሪያችሁን ከበር ትታችሁ።»

በስምንት ሰዓት ሁሉም ነበሩ። ፋኢዛ ከግድግዳው ጥግ፤ ዘከሪያ እጁ በካቴና ሆኖ በሁለት ፖሊሶች መካከል፤ ገብረ ኪዳንና ሰዎቹ በስተቀኝ፤ ሰላማዊት ከኮምፒውተሯ ፊት፤ ደግሰው ዱካው ላይ፣ ምስራቅ ከጎኑ። ምሳው በመጀመሪያ ሰላማዊትን ማይክሮፎኖቹን ሁሉ እንድትነቅል አዘዛት። ነቀለች።

«ከብረቱ ልጀምር» አለ። «የሱቅ ብረት ስለሆነ ባለ ሱቁ ገደለ ተባለ። ብረቱ ግን ከሱቅ አልመጣም፤ ከሙዚቃው ክፍል ወደ ቢሮው በሚወስደው መንገድ፣ ጓሮው ውስጥ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነበር። ያለፈ ሁሉ ያነሣዋል።»

«ዘከሪያም አልፏል» አለ ገብረ ኪዳን።

«እንበል። ዘከሪያ የተጣላው በእህቱ ሥዕል ነው። ሰው ገድሎ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሥዕሉ ከእግሩ ሥር ተቀምጦ፣ የእህቱን ውርደት ትቶ የሌላ ሰው ሥዕል ይዞ ይወጣል? የጠፋው አምስተኛው ነው። ገዳዩን የነካው እሱ ነው።»

ምሳው ወደ ሰላማዊት ዞረ።

«ሁለተኛ፣ ገዳዩ ወረቀቱን ሲወስድ ሥዕሉን ያጠፋ መስሎታል። ሰላማዊት ብትሆን ወረቀቱን ትታ ኮምፒውተሩን ታጸዳ ነበር፤ ቁልፉ በእጇ ነው። ስለዚህ እሷም አይደለችም። የቀረው በዚያ ሰዓት ቢሮው ውስጥ እንዳልነበረ ከተማው በሙሉ የመሰከረለት ሰው ነው።»

ደግሰው ቀና አላለም።

«አያ ደግሰው፣ ትናንት የዐስር አዛን ሲባል ማሲንቆው አልቆመም። ፋኢዛ ቂም መሰላት። ሰላማዊት ጥሩ ልምምድ መሰላት። እኔ ግን አራት ዓመት ‹እጄ እንቢ አለኝ› ያለ እጅ በአንድ ቀን እሺ ይላል ብዬ አላምንም። አዛን ሲሰማ የማይቆም ማሲንቆ ሰው አልያዘውም።»

ምሳው ስድስት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ከሥራቸው ሌላ ስድስት። ቀይ ተራሮች፣ የተሰነጠቀ በር፣ አፍ የሌላት ሴት፤ ላይኛውም ታችኛውም ያው ነው።

«የላዩ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት የወጣ ነው፣ የታቹ ትናንት። ሰላማዊት፣ ይህ ሊሆን ይችላል?»

ልጅቷ ተነሥታ አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ያው ድምፅ ከገባ ያው ሥዕል ይወጣል። ሰው ግን አንድ ዜማ ሁለት ጊዜ እኩል አይጫወትም፤ በትንፋሽ ይለያያል። ይህ የሐሙሱ ቅጂ ነው። ሚስማር ስመታ ዞር ብዬ አላየሁም።»

«ሽቦውን ከማሲንቆው ነቅለው ስልክዎ ላይ ሰኩት፤ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። ሐሙስ ጠዋት አዛን አልነበረምና ቀረጻው የሚቆምበት ምክንያት አልነበረውም።»

ደግሰው ማሲንቆውን በእርጋታ መሬት ላይ አጋደመው። «ወረቀቱን አቃጥዬዋለሁ» አለ።

ዘከሪያ የተሰነጠቀ ከንፈሩን ላሰ። «አያ ደግሰው፣ እኔን እየደበደቡ ሲወስዱኝ በሩ ላይ ቆመህ አይተኸኛል።»

«አይቼሃለሁ።»

«እና ዝም አልክ።»

«እመለስልሃለሁ ብዬ ነበር» አለ ደግሰው።

ምሳው ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠ። ካቴናው ከዘከሪያ እጅ ሲፈታ ግን ገብረ ኪዳን ወደ ፊት ተራመደ።

«ቆይ እስቲ። አዝማሪው ከወንድሜ ጋር ምን ነበረው? ያለ ነገር ማንም አይገድልም። ነጋዴዎቹ ልጃቸውን ለማውጣት ድሃ አዝማሪ ተክተውልሃል። እኔ ይህን ይዤ ሰሃላ አልገባም።»

ምሳው የሚፈራው ይህ ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለችው ወረቀት ከብብቱ ሥር አለች። ሳያወጣት ቢወጣ ዘከሪያ ከሰኞ ገበያ በፊት ይሞታል፤ ምናልባት ፋኢዛም። ምሳው ወደ ምስራቅ ዞረ።

«እህቴ፣ አንቺ ደጅ ብትቆዪልኝ።»

«የያዝከው ባሌን ነው» አለች። «ወዴት ነው የምወጣው?»

ደግሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ምሳውን አየው። አፉ አልተንቀሳቀሰም፤ ልመናው ግን የማይታይ አልነበረም። ምሳው ዘከሪያን አየ፤ ፋኢዛን አየ፤ ጋዜጣውን ገለጠ።

የደፈረሰ ወንዝ ነው። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ትንሽ ወንድ ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከኋላው፣ ዳር ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለች። ኮምፒውተሩ የማንም ያልሆነ ፊት ሰጥቷታል፤ ወደ ላይ ባነሣችው እጅ ላይ ሰባት ጣት ስሏል።

ምስራቅ ቀርባ አየች። ወረቀቱን አልነካችውም።

«ተቀምጣለች» አለች።

ወደ ባሏ ዞረች።

«እኔ በሌለሁበት ልጃችን ትርሐስ በትኩሳት ክንድህ ላይ አለፈች፣ ከሮቃው ዛፍ ሥር ቀበርኳት ነው ያልከኝ። ደግሰው፣ የሞተ ሰው አይቀመጥም።»

«እግሯ አብጦ ነበር» አለ ደግሰው። «መራመድ አቃታት። ተከዜ እየሞላ ነው፣ ከኋላ ተኩስ አለ። ሁለቱን መሸከም አልቻልኩም። ወንድሟን አሻግሬ ልመለስላት ነበር። ውሃው እስከ ማግስቱ አልጎደለም።»

«ስትመለስስ?»

«ሻሿ ብቻ።»

ገብረ ኪዳን ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ደግሰው ግን ወደ እሱ ዞረ።

«ለወንድምህ ነገርኩት። ለቄስ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኩት። እሑድ ይህን አንሥቶ ሊሰቅል፣ እኔን ከሥሩ አስቀምጦ ማሲንቆ ሊያስጫውተኝ፣ እሷን ከፊት ወንበር ሊያስቀምጥ ነበር። ስታየው የምታሰማውን ጩኸት ማሽኑ እንዲስልለት። ጩኸቷ ካልገባ ሥራው ጎዶሎ ነው አለኝ። ሐሙስ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ዓርብ አልለመንኩትም።»

ከገብረ ኪዳን ሰዎች አንዱ ቀስ ብሎ አማተበ። ገብረ ኪዳን ለምሳው «በቃኝ» አለው፤ ወደ ዘከሪያ ሳያይ ሰዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ፋኢዛ ወንድሟን እጁን ያዘችው፤ ሁለቱም ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ ደግሰው ቀረበ። ምስራቅ በመዳፏ አስቆመችው፤ ባሏ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ውሃው ውስጥ ስትገባ ጠራችህ?»

ደግሰው መሬት ላይ የተጋደመውን ማሲንቆ አየ።

«ጠራችህ ወይ ነው የምልህ?»

«ጠራችኝ።»

«ምን ብላ?»

ደግሰው ሁለት እጁን ለፖሊሱ ዘረጋ፤ ካቴናው እስኪዘጋ ጠበቀ። ከዚያ ሚስቱን እያየ መለሰላት።

«‹አባ፣ ቀስ በል፤ ድንጋዩ ያዳልጣል› አለችኝ።»